ጉልበትና ጸሎት አብረው ሲመለሱ፦ ከ60 ዓመት በኋላ ለሚጀምሩ

የዛሬ ሦስት ዓመት በስቅለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቅሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የግፊት ኪኒኔን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመስኩም። ከ20 ዓመት በላይ ሰግጄ አላውቅም ነበር። አጠገቤ ያሉ ልጃገረዶች እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከፍ ዝቅ ሲሉ አየሁና እኔም እንደነሱ ልስገድ አልኩ። ሠላሳኛው ላይ ይሁን አርባኛው ላይ አላስታውስም፤ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ እናቶች ከበውኝ በነጠላቸው ያራግቡልኛል።

ቤት ስገባ ልጄ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ስግደት የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «የጣለሽ ኪኒኑ ነው፣ ተዪው» አለች። ሁለቱም ስለሚወዱኝ ነው። ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። ስግደትም ኪኒንም ለብቻው አልጣለኝም። ሐኪሜ ያን ቀን እስከ ማታ እንደምጾም አያውቅም። የሰገድኩበት ደብር ካህናት ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት እንደምወስድ አያውቁም። ሁለቱን ማገናኘት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አልተናገርኩም።

አሁን 68 ዓመቴ ነው። በደርግ ጊዜ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ እየተባልን ካደግነው ወገን ነኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ልጆች፣ የኑሮ ሩጫ መጣ። 60 ሞልቶኝ ጡረታ ስወጣ ደም ግፊትና ስኳር ነበረብኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፣ ጸሎቴም ከአቡነ ዘበሰማያት አያልፍም። ዛሬ ቅዳሴውን አብዛኛውን ቆሜ አስቀድሳለሁ። እዚህ የደረስኩበትን መንገድ እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማዴ ተነሥቼ ነው። የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን ብትሆኑም የሰውነቱ ክፍል ለእናንተም ይሆናል።

1. አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ

በአንድ በኩል የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ የምትወስዱበትን ሰዓት። ከባህል ሐኪም የወሰዳችሁትንም አትዝለሉ። ማንበብ የሚቸግራችሁ ከሆነ ካርቶኖቹን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያው ነው።

በሌላው በኩል ልታደርጉ የምትፈልጉትን መንፈሳዊ ነገር ጻፉ። ዐቢይ ጾምን መጾም። ስግደት። ቅዳሴ። ጠበል። ለብዙ ዓመት ሳትቀበሉ ከቆያችሁ ደግሞ ሥጋ ወደሙ መቀበል። «እንዴት ይሆናል» ብላችሁ አሁን አትጨነቁ። የልባችሁን ጻፉ።

2. ግፊታችሁን ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ተለኩ

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ብነግራችሁ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ውጭ ያሉ ልጆች የሚልኩት የግፊት መለኪያ በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አውጡት። ክንድ ላይ የሚታሰረው ከእጅ አንጓው ይሻላል። ከሌላችሁ ጤና ጣቢያ ይለካላችኋል። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ። ሽንታችሁን ሽኑ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ ሁለት እግራችሁን መሬት አስረግጣችሁ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሲለካ አታውሩ። ቁጥሩን ጻፉት።

አሁን ተነሡ። ቆማችሁ ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከ3 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከዞረባችሁ፣ ስግደት ሳትጀምሩ ሐኪም ይየው። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ሁልጊዜ የሚፈራው መውጣቱን ነው፤ ሲነሡ የሚወርድ ግፊት ግን ብዙ አረጋዊ ጥሏል፣ የዳሌ አጥንትም ሰብሯል።

ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደረት ከወጋችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ አንድ ጎናችሁ ከዛለ ወይም አፋችሁ ከተያያዘ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ይነጋ አይባልም።

3. ወረቀቱን መጀመሪያ ለሐኪም፣ ከዚያ ለንስሐ አባት አሳዩ

ሐኪሙን በደፈናው «ልጹም ወይ?» ካላችሁት «አትጹሙ» ይላችኋል። ጥያቄያችሁን ዘርዝሩት። «ከሥጋና ከወተት ብቻ ብጾም? እስከ 6 ሰዓት ብቆይስ? እስከ 9 ሰዓትስ? የትኛው ኪኒን ሰዓቱ ይቀየራል?» በሉት። የመለሰውን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወይም እሱ እንዲጽፍ ለምኑት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባት። የንስሐ አባት ከሌላችሁ አጥቢያችሁ ሂዱና ጠይቁ። እኔ ስሄድ 64 ዓመቴ አልፎ ነበር፤ እንዲህ ዘግይታ መጣች ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም እንደዚያ አላለኝም። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ወረቀቱን አንብበው «ከሥጋና ከወተት ጹሚ፣ ሰዓቱን ግን እኔ እስክነግርሽ ተዪው» አሉኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጾም ቁርስ በልቼ ኪኒኔን እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ይህ የእኔ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከኔ አትቅዱት።

ስለ ቁርባንም ያኔውኑ ተነጋገሩ። ከመቀበል በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለታመመ ሰው እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቁት አባት ናቸው። በዝምታ ራስን ከቁርባን ማራቅም፣ በዝምታ መድኃኒት መዝለልም ትክክል አይደለም። የታመሙ እናቶች አንዱን ወይም ሌላውን ሲያደርጉ እያየሁ አዝናለሁ።

4. ሦስት የጸሎት ሰዓት ያዙ፣ ኪኒናችሁን ከሱ ጋር እሰሩት

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው። ነግህ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም በአንድ ቀን እጀምራለሁ ያለ ሰው በሳምንቱ ያቆማል። እኔ በነግህ፣ በ6 ሰዓትና በሠርክ ጀመርኩ። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ነበር። ነግህ ላይ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ 6 ሰዓት ላይ አቡነ ዘበሰማያትና አጭር ልመና፣ ሠርክ ላይ ምስጋና።

የጠዋት ኪኒኔ ከጸሎት መጽሐፌ አጠገብ ነው። የማታውም እንዲሁ። ጸልዬ እጄን ስዘረጋ አገኘዋለሁ። ከዚህ በፊት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እረሳ ነበር፤ አሁን መርሳቱ ቀርቷል። ኪኒናችሁ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ግን ማዕዱን ባርካችሁ ስትበሉ ይሁን።

ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጡረታ የወጣ ሰው መቀመጥ ያበዛል። ከቁርስ እስከ ምሳ ቴሌቪዥን ፊት ነው። በየሰዓቱ ለጸሎት የሚነሣ ሰው ሰውነቱን ከመቀመጥ ያስነሣዋል። መንፈቀ ሌሊት የምትነሡ ከሆነ ግን ወዲያው ዘላችሁ አትቁሙ። አልጋ ጫፍ ላይ 1 ደቂቃ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ መብራት አብሩ፣ ከዚያ ቁሙ።

5. ከወንበር መነሣትን ተለማመዱ

በቅዳሴ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ የምነሣው የፊቴን ወንበር ጨብጬ፣ እያቃሰትኩ ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ ክንድ የሌለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ወንበሩ መሐል ተቀመጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። ሰው ሰዓት ይያዝላችሁና በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆማችሁ እንደምትቀመጡ ቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ የእግር ጡንቻ ደክሟል፣ የመውደቅ አደጋም አለ ማለት ነው። እኔ 6 ነበርኩ። እጃችሁን ካልተጠቀማችሁ መነሣት ካቃታችሁም አትዘኑ፤ በእጃችሁ እየተደገፋችሁ ጀምሩ።

በየቀኑ ጠዋት 5፣ ማታ 5 ተነሡ። ሲነሡ አየር አውጡ፣ ሲቀመጡ ዱብ አትበሉ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። በሳምንቱ አንድ አንድ ጨምሩ። ሁለት ወር ላይ በአንድ ጊዜ 10 ሠራሁ። ለሚዛን ደግሞ የማድቤትን ጠረጴዛ በሁለት እጄ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ለእያንዳንዱ እግር 10 ሰከንድ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ደጋግሜ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲህ ያለ የሚዛንና የጥንካሬ ሥራ ነው።

6. ስግደቱን በሦስት ደረጃ መልሱት

አባቶች ስግደትን በሦስት ይከፍሉታል። ራስን ዝቅ ማድረግ አድንኖ ነው። መንበርከክ አስተብርኮ ነው። ግንባርን መሬት ማስነካት ሰጊድ ነው። ይህን ሳውቅ ገረመኝ። ሐኪም ቤት የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ የሰጠችኝ ቅደም ተከተል ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ጎንበስ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ መሬት።

በመጀመሪያው ወር አድንኖ ብቻ። ቆማችሁ፣ አንድ እጃችሁ ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ቀና በሉ። 12 ይበቃል። ቀና ስትሉ ጭንቅላታችሁ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። ካዞራችሁ ቁጭ በሉ።

በሁለተኛው ወር አስተብርኮ። ጋቢ አራት ቦታ አጥፋችሁ መሬት ላይ አንጥፉ። ወንበር ጎናችሁ ይሁን። ወንበሩን ይዛችሁ አንድ ጉልበት አስቀድሙ፣ ከዚያ ሌላውን። ስትነሡ አንዱን እግር ፊት አስረግጡና በወንበሩ ተገፍታችሁ ተነሡ። በ3 ጀምሩ፣ 7 ላይ ቁሙ።

ሰጊዱን የጀመርኩት በሦስተኛው ወር ነው፤ ያውም ከወንበር 10 ጊዜ ሳልደገፍ መነሣት ስችል። ጉልበታችሁ በማግስቱ ካበጠ ወደ አድንኖ ተመለሱ፣ ምንም አይደለም። የዓይን ግፊት ያለባችሁ ወይም ስኳር ዓይናችሁን የነካባችሁ፣ ግንባር መሬት የሚነካውን ከመጀመራችሁ በፊት የዓይን ሐኪም ጠይቁ። ዳሌያችሁን ወይም ጉልበታችሁን ቀዶ ሕክምና የተደረገላችሁም ያከማችሁን ሐኪም ጠይቁ።

በሰንበት፣ ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ፣ በጌታችን ዐበይት በዓላትና በቆረቡበት ቀን አይሰገድም። ጡንቻም ዕረፍት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት የተዘለለውን በማግስቱ ልካስ ብላችሁ እጥፍ አትስገዱ።

7. ለመሳለም በእግር ሂዱ

በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ ነው የሚመከረው። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ ከሆነላችሁ በ5 ቀን ሞላ። ስትራመዱ ማውራት ትችሉ፣ መዘመር ግን ይቸግራችሁ፤ ልኩ ይሄ ነው። በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ።

ስኳር ያለባችሁ ስለ እግራችሁ ተጠንቀቁ። ቤተ መቅደስ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው። የደነዘዘ እግር ጠጠርም ሆነ የጋለ ድንጋይ አይሰማውም። እኔ ንጹሕ ነጭ ካልሲ ይዤ እሄዳለሁ። ነጭ የምለው ደም ወይም ፈሳሽ ቢነካው ቶሎ ስለሚታይ ነው። ማታ እግሬን ታጥቤ፣ በጣቶቼ መሐል አድርቄ፣ የውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ትንሽ ቁስል ካየሁ በነጋታው ጤና ጣቢያ ነኝ። ደግሞ ነጠላችሁ መሬት እንዳይጎተት፤ ደረጃ ላይ የሚያደናቅፈው እሱ ነው።

8. ጾሙን በምግብ አስተካክሉት

ዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾም ሰው በጾም የሚበላው ነገር ጤናውን ይወስነዋል። እኔ ድሮ የጾም ምግቤ ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ስኳሬ ከፍስክ ይልቅ ይወጣ ነበር። ጾሙ ምን በደለ!

አሁን ሳህኔን እንዲህ ነው የማዘጋጀው። እንጀራ ግማሽ። ከላዩ ምስር፣ ክክ ወይም ሽሮ በርከት ብሎ፣ ጎመን ደግሞ ከሁሉ በዝቶ። ባቄላ ንፍሮ፣ ሽምብራ ቆሎ፣ ተልባ ያለ ስኳር። አረጋዊ ሰው ጡንቻው እንዳያልቅ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት 60 ግራም ቢያንስ ማለት ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ጾም ሲሆን ጥራጥሬ በየማዕዱ መኖር አለበት። ኩላሊታችሁ የታመመ ከሆነ ግን ይህን ልክ ሐኪም ይወስንላችሁ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ወጡ ላይ እንደገና ስትጨምሩ ሁለት ጊዜ ጨመራችሁ ማለት ነው። እኔ ሽሮዬን ያለ ጨው አስፈጫለሁ።

ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ይህን በደንብ አንብቡ። እነዚህን ወስዶ አለመብላት ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ልባችሁ ከመታ፣ ነገር ከተምታታባችሁ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ያን ጊዜ ጾሙ ይቆማል። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ። ካልወጣ ድገሙት። ከወጣ በኋላ ምግብ ብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ነፍስን ለማዳን የተበላ ቁራሽ ጾም አፍራሽ አያሰኝም። የንስሐ አባቴን ቃል በቃል ጠይቄያቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ይህን ቫይታሚን መቀበል ይቸግረዋል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ይቀንሰዋል። በዚህ ላይ ጾም ሲጨመር እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ መርሳት ይመጣል፤ ሰውም «እርጅና ነው» ይላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ወይም በመርፌ ይተካል። ሐኪማችሁን በስሙ ጠይቁት።

9. ዳዊት ማንበብ ካቃታችሁ ዓይናችሁን አሳዩ

እናቴ ዳዊቷን ያስቀመጠችው በ62 ዓመቷ ነው። «ዓይኔ ደከመ፣ ዕድሜ ነው» አለች። እኛም ዝም አልን። የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደነበረ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ይህ በአገራችን ብዙ ሰው የሚያሳውር በሽታ ነው፤ በአጭር ቀዶ ሕክምናም ይታከማል። ታክማ ቢሆን ኖሮ ዳዊቷን እስከ መጨረሻው ትደግም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ፊደሉ ከደበዘዘባችሁ መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ምናልባት የንባብ መነጽር ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ዳዊትን በልክ ያዙ። የዕለት ድርሻው ረጅም ነው፤ ለምሳሌ የረቡዕ ከ61 እስከ 80 ነው። ለጀማሪ ግማሽ ንጉሥ፣ ማለትም 5 መዝሙር ይበቃል። ረቡዕ መዝሙር 70ን አትለፉት። በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፣ ጉልበቴ ባለቀ ጊዜ አትተወኝ ብሎ የሚለምነው እዚያ ነው። እኔ የጉልበት ሕመሜን ይዤ ሳነበው ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ደግሞ ለትንፋሽም ለማስታወስም ጥሩ ነው።

10. ጠበልና መድኃኒት

ጠበል እጠመቃለሁ፣ እጠጣለሁም። መድኃኒቴን ግን አላቆምም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የግፊትና የስኳርም ከዚህ የተለየ አይደለም። «እምነት ካለሽ ኪኒኑን ጣዪው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ያን ሰው አትስሙ። ልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ብዙ ሊትር ጠበል በአንድ ጊዜ አትጠጡ። ቀዝቃዛ ጠበል ሲወርድባችሁ ሰው ይያዛችሁ።

11. ብቻችሁን አትሁኑ

ይህን አጭር አደርገዋለሁ። ጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ግቡ። አብራችሁ የምትራመዱ አንድ ጎረቤት ያዙ። እኔ ያቺኑ «ኪኒኑን ተዪው» ያለችኝን ጎረቤቴን ነው የያዝኩት፤ አሁን ግፊቷን የምለካላት እኔ ነኝ። የተጣላችሁት ሰው ካለ ታረቁ። ከእኅቴ ጋር ስታረቅ 9 ዓመት ሆኖን ነበር፤ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

12. ለስቅለት አስቀድማችሁ ተዘጋጁ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፣ ሰሙነ ሕማማት እስኪደርስ አትጠብቁ። ያን ሳምንት ኪኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ይጻፍላችሁ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ውኃ የመጠጣት ፈቃድም ጠይቁ። በዕለቱ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ግድግዳ አጠገብ ያዙ። ትንሽ ዱካና መቋሚያ ይኑራችሁ። አብሮ የመጣው ሰው ምን ሕመም እንዳለባችሁ ይወቅ።

ማታ ላይ ካህናቱ ምእመኑን በወይራ ቅርንጫፍ መታ መታ እያደረጉ የስግደት ቁጥር ያዝዛሉ። ተራችሁ ሲደርስ አታፍሩ። ሕመማችሁን በአንድ ቃል ንገሯቸው። ዘንድሮ ተራዬ ሲደርስ «አባ፣ ግፊትና ስኳር አለብኝ፣ ከዚህ በፊትም ወድቄያለሁ» አልኩ። ወይራውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና «12 ስገጂ። ሌላውን በመቋሚያሽ ቆመሽ እግዚኦ በይ» አሉኝ። ጋቢዬን አጥፌ አነጠፍኩ፣ ዱካውን ጎኔ አስጠጋሁ፣ ቀስ ብዬ 12ቱን ሰገድኩ።